አፕሪ 1.05፦ የደም ምርመራ ስለ ጉበት ጠባሳ ምን ያህል ይናገራል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። የ41 ዓመት ታላቅ ወንድሜ ከሦስት ዓመት በፊት ደም ሊለግስ ሄዶ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ተነገረው። ያን ጊዜ የጉበት ኢንዛይሞቹ ኤኤስቲ 46፣ ኤኤልቲ 52፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት 171 ነበር። ያየው ሐኪም ከእነዚህ ቁጥሮች አስልቶ «አፕሪህ ከ2 በታች ስለሆነ መድኃኒት አያስፈልግህም» ብሎ አሰናበተው። ዘንድሮ ሲመረመር ኤኤስቲ 58፣ ኤኤልቲ 44፣ ፕላትሌት 138 ሆኗል። አልትራሳውንዱ ግን ጉበቱ ደህና ነው ይላል። ሌላ ሐኪም ውጤቱን አይታ ጉበቱ ጠባሳ ሳይኖረው አይቀርም አለችና መድኃኒት እንዲጀምር፣ አዲስ አበባ ሄዶም የጉበትን ጥንካሬ በሚለካው ፋይብሮስካን እንዲታይ አዘዘችለት። በአልትራሳውንድ ያልታየ ጠባሳ በደም እንዴት ይታወቃል? ከሁለቱ የትኛውን እንመን?

ምላሽ፦ ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። ወንድምዎ የታዘዘላቸውን መድኃኒት፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ጥቂት ምርመራዎች እንደተሠሩላቸው፣ የፋይብሮስካን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ቢጀምሩ ይሻላል። በአካል አላየኋቸውም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ሆዳቸውን ዳስሰው፣ ጣፊያቸውን ፈልገው ያዩት ሐኪም ናቸው። ሆኖም የላኩልኝ ቁጥሮች በአንድ አቅጣጫ የሚናገሩ ስለሆኑ በዝምታ ማለፍ አልችልም። የመጀመሪያው ሐኪምም በዘፈቀደ አልፈረዱም፤ የተከተሉት በዘመኑ የነበረውን መመሪያ ነው። ችግሩ ያለው በመመሪያው ድንበር ላይ ነው፤ ስለዚህም ነው ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ መጻፍ የፈለግሁት።

ቫይረሱ ራሱ ጉበትን በቀጥታ አያቆስለውም። ሰውነት በቫይረሱ የተያዙትን የጉበት ህዋሳት ሲዋጋ ቁስለት ይፈጠራል፤ ቁስለቱ ለዓመታት ሲመላለስ በጉበት ውስጥ የሚገኙና ኮከብ መሰል ቅርጽ ያላቸው ህዋሳት ኮላጅን የተባለውን ገመድ መሰል ፕሮቲን ያመርታሉ። በቆዳችን ላይ ቁስል ሲድን የሚቀረውን ጠባሳ የሚሠራው ይኸው ኮላጅን ነው። ባለሙያዎች ጠባሳውን ከዜሮ እስከ አራት ባለው ደረጃ ይለኩታል፤ ዜሮ ማለት ጠባሳ የለም፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ማለት ችላ የማይባል ጠባሳ አለ፣ አራት ማለት ጉበቱ በጠባሳ ተከፋፍሎ ጓጉሏል፣ ሲሮሲስ ደርሷል ማለት ነው። ከዜሮ እስከ አራት የሚደረገው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሆድ ውኃ ሲቋጥር ወይም ደም ሲያስመልስ ሰዉ «የወፍ በሽታ ያዘው» ይላል፤ በሽታው ግን ከዚያ በፊት አሥርና ሃያ ዓመት በዝምታ ሲሠራ ቆይቷል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልግባ። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚደረጉት የተለመዱ የደም ምርመራዎች ጠባሳውን ራሱን አያዩም፤ የሚያዩት ጠባሳው በሌላ ቦታ የሚተወውን ምልክት ነው። ከነዚህ ምልክቶች እጅግ የምተማመንበት ፕላትሌት ነው። ጉበት በጠባሳ ሲጠነክር ከአንጀትና ከጣፊያ ደም ይዞ የሚመጣው ትልቁ የደም ሥር መግቢያ ይጠበዋል፤ ግፊቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ጣፊያ ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያም ፕላትሌትን በውስጡ ያጉራል። በዚያ ላይ መቅኔ ፕላትሌት እንዲያመርት የሚያዘው ሆርሞን በአብዛኛው የሚመረተው በጉበት ነው፤ የተዳከመ ጉበት ትእዛዙን አሳንሶ ይልካል። በዚህ ምክንያት፣ ሌላ ሰበብ ሳይኖር ከዓመት ዓመት የሚወርድ ፕላትሌት ብዙ ጊዜ ከጉበት የሚመጣ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ምልክት ኤኤስቲ ነው፤ በአንዳንድ ቤተ ሙከራዎች የውጤት ወረቀት ላይ «ኤስጂኦቲ» ተብሎ ይጻፋል። የጉበት ህዋስ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ጠባሳው ሲበዛ ደግሞ ጉበት ይህን ኢንዛይም ከደም የማጥራት አቅሙ ስለሚቀንስ ከኤኤልቲ ልቆ ይገኛል። ወንድምዎ ከሦስት ዓመት በፊት ኤኤልቲያቸው ይበልጥ ነበር፤ አሁን ኤኤስቲያቸው በልጧል። ትንሽ የምትመስል ለውጥ ናት፤ እኔ ግን ከፕላትሌቱ መውረድ ጋር አያይዤ አነባታለሁ።

አፕሪ የሚባለው ስሌት እነዚህን ሁለት ምልክቶች ያጣምራል። ኤኤስቲው ቤተ ሙከራው ባስቀመጠው የመደበኛ ጣሪያ ይካፈላል፣ የተገኘው በፕላትሌት ቁጥር ይካፈላል፣ ከዚያ በ100 ይባዛል። ጣሪያው 40 ነው ብለን ብንነሳ 58 ለ40 ሲካፈል 1.45 ይሆናል፤ እሱም ለ138 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 1.05 ይመጣል። ከሦስት ዓመት በፊት በነበሩት ቁጥሮች ያው ስሌት 0.67 ይሰጣል። ቤተ ሙከራው ጣሪያውን 35 አድርጎ ቢሆን ኖሮ የዘንድሮው 1.20 ይሆን ነበር። ስለዚህ ስሌቱን የሚሠራ ሁሉ ጣሪያውን ከራሱ የውጤት ወረቀት ላይ ማየት አለበት፤ ወንድምዎም በየዓመቱ የሚመረመሩበትን ቤተ ሙከራ ባይቀያይሩ ንጽጽሩ የሚታመን ይሆናል።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ድንበሩ የት ላይ ነው የሚለው ነው፤ ሁለቱ ሐኪሞች የተለያዩትም እዚህ ላይ ነው። አፕሪን እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ያደረጉት በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ስሌቱን የፈተኑት ሄፓታይተስ ሲ ባለባቸው ሕሙማን ላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ፣ ሌላ መሣሪያ በሌለበት አገር አፕሪው ከ2 በላይ የሆነ አዋቂ ሲሮሲስ እንዳለበት ተቆጥሮ ይታከም አለ። የመጀመሪያው ሐኪም የያዙት ይህንን ነው። እዚህ ላይ ሳይስተዋል የሚያልፍ ስሕተት አለ፤ «ከ2 በላይ ከሆነ ሲሮሲስ ነው» ማለት «ከ2 በታች ከሆነ ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም። ከፍ ያለ ድንበር የተቀመጠው ያለፈው ሰው በእርግጥ ሕመምተኛ እንዲሆን ነው፤ ያላለፈውን ነጻ ለማውጣት ፈጽሞ አልተዘጋጀም።

ይህ ድንበር ለእኛ ሕሙማን እንደማይሆን ከታወቁባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ መሆኑን በአክብሮት ላንሳ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማንን በፋይብሮስካንም በደም ስሌትም ለክተው ያነጻጸሩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በተለመዱት ድንበሮች ብቻ ቢኬድ ጠባሳ ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳይታወቁ እንደሚቀሩ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ከሰሐራ በታች ካሉ ስምንት አገሮች የተሰበሰበ የ3,548 ሕሙማን መረጃ ተተነተነ። በዚያ ሥራ የ2.0 ድንበር ያገኘው ሲሮሲስ ካለባቸው ሰዎች መካከል 16.5 በመቶውን ብቻ ነበር። በሌላ አነጋገር ከስድስት ሕሙማን አምስቱን «ምንም የለብህም» ብሎ ወደ ቤታቸው ይሸኛል። ተመራማሪዎቹ ድንበሩ ወደ 0.65 ቢወርድ 56 በመቶ ያህሉ እንደሚገኙ፣ ሲሮሲስ ከሌለባቸውም 90 በመቶው በትክክል እንደሚለዩ አሰሉ። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም፤ ሄፓታይተስ ቢ ለዓመታት የሚተኛበት ጊዜ አለው፤ ጠባሳው በቦታው ተቀምጦ ሳለ ኢንዛይሙ ሊረጋጋ፣ አፕሪውም ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተመው አዲስ መመሪያ ድንበሮቹን አውርዷል። አፕሪው ከ0.5 ያለፈ አዋቂ ችላ የማይባል ጠባሳ እንዳለው ተቆጥሮ ሕክምና እንዲጀመርለት፣ ከ1 ያለፈ ደግሞ ሲሮሲስ እንዳለው እንዲቆጠር ይመክራል። በፋይብሮስካን በኩል ተመጣጣኞቹ ድንበሮች 7 እና 12.5 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ናቸው። በዚህ መመሪያ ሲታይ ወንድምዎ ዘንድሮ ብቻ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በፊትም መድኃኒት የሚገባቸው ሰው ነበሩ። ይህን የምጽፈው ቁጭት ለመጨመር አይደለም፤ ያን ጊዜ «አያስፈልግህም» የተባሉ ሌሎች ብዙ ሰዎች አሁንም በዚያው ቃል ተማምነው ተቀምጠዋልና እነሱም የድሮ ወረቀታቸውን አውጥተው እንደገና እንዲያሰሉ ነው።

ይሁን እንጂ ዝቅ ያለ ድንበርም የራሱ ዋጋ አለው። እንበልና ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል ሲሮሲስ ያለባቸው 10 ናቸው። በ0.65 ድንበር ከአሥሩ አምስት ወይም ስድስት ይገኛሉ፤ ሲሮሲስ ከሌለባቸው 90 መካከል ደግሞ ዘጠኙ በስሕተት ድንበሩን ያልፋሉ። ስለዚህ አፕሪያቸው ከ0.65 በላይ ከሆነ 15 ሰዎች አብዛኞቹ ሲሮሲስ የለባቸውም፤ ዝቅ ካለላቸው መካከልም ሲሮሲስ ያለባቸው አራት አምስት ሰዎች ተደብቀዋል። ከዚህ የምረዳው አፕሪ ብቻውን ለማንም ሰው «ሲሮሲስ አለብህ» ወይም «የለብህም» ብሎ ለመፍረድ እንደማይበቃ ነው። መድኃኒት ይጀመር አይጀመር ለሚለው ጥያቄ ግን ይበቃል፤ ምክንያቱም በስሕተት ቴኖፎቪር የተባለውን የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው የሚጎዳው ጥቂት ሲሆን፣ በስሕተት የተመለሰ ሰው የሚያጣው ጉበቱን ነው።

ፊብ-4 የሚባለው ሁለተኛ ስሌት ዕድሜንና ኤኤልቲንም ይጨምራል። ዕድሜ በኤኤስቲ ይባዛል፤ ይህም ፕላትሌት በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለሚገኘው ይካፈላል። በራሱ ሲባዛ 44 የሚሰጠው ቁጥር 6.63 ገደማ ስለሆነ የወንድምዎ የዘንድሮ ውጤት 2.6 ይመጣል። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ የተቀመጡለት ድንበሮች 1.45 እና 3.25 ናቸው፤ 2.6 በመካከል ባለው አሻሚ ቀጣና ውስጥ ይወድቃል። የከሦስት ዓመት በፊቱ 1.42 ስለሆነ በዚያ ጊዜ በፊብ-4 ብቻ የሚያይ ሰው «ጠባሳ የለም» ይል ነበር። ዕድሜ በስሌቱ ውስጥ ብዙ ይመዝናል፤ የወንድምዎን ደም የ25 ዓመት ወጣት ነው ብለን ብናሰላው 1.6፣ የ65 ዓመት አዛውንት ነው ብንል 4.1 ይሆናል። በኛ አገር ሄፓታይተስ ቢ በሕፃንነት ስለሚይዝ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሲሮሲስ የደረሰበት ሰው ማየት ብርቅ አይደለም፤ ለእንዲህ ያለው ወጣት ፊብ-4 ሐሰተኛ መጽናኛ ይሰጣል። ስለዚህ በሄፓታይተስ ቢ ከሁለቱ አፕሪን አስቀድማለሁ።

በአውሮፓና በአሜሪካ ጠባሳውን ይበልጥ በቀጥታ የሚከታተሉ የደም ምርመራዎች አሉ፤ ፋይብሮቴስት፣ ኢኤልኤፍ የሚባሉት ናቸው። ኮላጅን ሲሠራና ሲፈርስ የሚለቀቁ ነገሮችን ወይም ጉበት የሚያመርታቸውን ልዩ ፕሮቲኖች ይለካሉ። ውድ ናቸው፤ ለወንድምዎም ውሳኔውን የሚለውጡ አይመስለኝም።

አሁን ቁጥሮቹ ሊያታልሉ ወደሚችሉበት ነገር ልምጣ፤ የመኖሪያ ቦታዎ ባሕር ዳር መሆኑ እዚህ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ። የአንጀት ቢልሃርዚያ እንቁላል ወደ ጉበት በሚገቡት የደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ፕላትሌትን ያወርዳል፤ የጉበት ህዋሳቱ ግን ደህና ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ። አፕሪ ይህን ከሄፓታይተስ ጠባሳ ለይቶ አያውቅም። ወንድምዎ በልጅነታቸው በሐይቁ ዳር የዋኙ፣ ዓሣ ያጠመዱ ወይም በመስኖ የሠሩ ከሆነ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ የሰገራ ምርመራ ይደረግ፣ አልትራሳውንድ የሚያነሣው ባለሙያም በደም ሥሮቹ ዙሪያ ያለውን ጠባሳ ለይቶ እንዲያይ ይጠየቅ፤ ሕክምናውም ፕራዚኳንቴል የሚባል ርካሽ መድኃኒት ነው። ወደ መተማና ሑመራ ለቀን ሥራ ወርደው ከነበረ ካላዛርም ይታሰብ፤ እሱም ጣፊያን አሳብጦ ፕላትሌትን ያወርዳል። የወባ ትኩሳት በነበረበት ሳምንት የተቀዳ ደም ለዚህ ስሌት አይሆንም።

ኤኤስቲም የጉበት ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም ያመነጨዋል። ከባድ ሸክም የተሸከመ፣ እርሻ ሲያርስ የሰነበተ ወይም በጡንቻው መርፌ የተወጋ ሰው ኤኤስቲው ከፍ ሊል ይችላል። ደሙ ሲቀዳ ቀይ የደም ህዋሳት ከፈረሱም እንዲሁ ነው። አረቄና ሌላ መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ኤኤስቲው ከኤኤልቲው ይልቃል። ፕላትሌት ደግሞ ደሙ በሚቀመጥበት ቱቦ ውስጥ ካለው መድኃኒት የተነሣ ተጣብቆ ማሽኑ አሳንሶ ሊቆጥረው ይችላል፤ ይህን ለማጣራት አንድ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ጠብታዋን በማይክሮስኮፕ ቢያይ ይበቃል። ስለዚህ ወንድምዎ ጥቂት ቀን ከከባድ ሥራ አርፈው፣ መጠጥ ካለ ትተው፣ ምርመራውን አንድ ጊዜ ቢደግሙት መልካም ነው። ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ጋር ከተቀራረበ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

ስለ አልትራሳውንዱ ብዙ አልልም። አልትራሳውንድ የሚያየው ቅርጽን ነው፤ ጉበቱ ከተጨማደደ፣ ጠርዙ ከጎረበጠ፣ ሆድ ውኃ ከቋጠረ ያሳያል። ከዚያ በፊት ያለውን ጠባሳ፣ የጀማሪ ሲሮሲስን ጭምር፣ ደህና ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ጥቅሙ የጉበት ካንሰርን ቀድሞ ለመያዝ ነው፤ የወንድምዎ አፕሪ ከ1 ያለፈ ስለሆነ በየስድስት ወሩ እንዲነሡ እመክራለሁ። በነገራችን ላይ ወረቀቱ የጣፊያውን ርዝመት በሴንቲሜትር ይጽፍ እንደሆነ እባክዎ ይመልከቱ፤ ያ አንድ ቁጥር «ጉበቱ ደህና ነው» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ይልቅ ብዙ ይነግረናል።

ፋይብሮስካን ጎን ላይ በሚደረግ መንዘሪያ የጉበትን ጥንካሬ ይለካል፤ መርፌም ቁስልም የለውም። ከመለካቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ምግብ አለመብላት ያስፈልጋል። ኢንዛይሙ ከመደበኛው ጣሪያ አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ በተነሣበት ጊዜ ከተለካ ያበጠውን ጉበት ጠባሳ አለው ብሎ ያሳስታል፤ የወንድምዎ ኢንዛይም እዚያ ስላልደረሰ ይህ አያሰጋም። ለእሳቸው የሚጠቅመው ሲሮሲስ መኖር አለመኖሩን ለመለየትና የጉሮሮ ደም ሥሮች ማበጥን ለማየት ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ያስፈልግ እንደሆነ ለመወሰን ነው። ጥንካሬው ከ20 ኪሎፓስካል በታች፣ ፕላትሌቱም ከ150 በላይ የሆነ ሰው ኢንዶስኮፒውን ሊዘለው ይችላል፤ የወንድምዎ ፕላትሌት 138 ስለሆነ ይህ ቅናሽ አይደርሳቸውም። የጉዞው ወጪ የሚከብድ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለመድኃኒቱና ለክትትሉ ያውሉት እላለሁ። ውድ የሆነው የቫይረስ መጠን ምርመራም ባይገኝ በአፕሪ ብቻ ሕክምና መጀመር እንደሚቻል አዲሱ መመሪያ ይፈቅዳል።

ከመጀመራቸው በፊት ሦስት ነገሮች ይታዩላቸው። የኩላሊት ምርመራ ይደረግ፤ ቴኖፎቪር በኩላሊት ስለሚወጣ መጠኑ በዚያ ይወሰናል። የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግ፤ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ቴኖፎቪርን ብቻውን ከወሰደ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይላመዳል። አልቡሚን፣ ቢሊሩቢንና የደም መርጋት ምርመራም ይታይ፤ እነዚህ ጉበቱ ምን ያህል ጠባሳ እንዳለው ሳይሆን ሥራውን ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ይነግሩናል። መድኃኒቱን አንዴ ከጀመሩ በራሳቸው ፈቃድ ማቋረጥ የለባቸውም፤ ቫይረሱ በድንገት ሲያገረሽ ሲሮሲስ ያለበትን ጉበት ሊያወድመው ይችላል። የሀገር ባህል «የወፍ መድኃኒት» አይጠጡ፤ ጫትም የሚቅሙ ከሆነ ይተዉ፤ በሐረር የተሠራ ጥናት ጫትን ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አገናኝቶታል።

መድኃኒቱ ሲሠራ ኤኤስቲ ይወርዳል፤ አፕሪውም በወራት ውስጥ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ጠባሳው ጠፋ ብለው አይደምድሙ፤ የወረደው ቁስለቱ ነው፤ ጠባሳው የሚሟሟው በዓመታት ነው። ተስፋው ግን እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች መካከል 71ዱ ቴኖፎቪርን አምስት ዓመት ከወሰዱ በኋላ የጉበታቸው ናሙና ሲታይ ሲሮሲስ አልነበረባቸውም። በሕክምና ወቅት እኔ የምከታተለው ፕላትሌትን ነው፤ 138 ላይ ቢቆም ደስ ይለኛል፤ ወደ 150 ቢመለስ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ልጠይቅዎ። እርስዎ ተመርምረዋል? ክትባቱ በኢትዮጵያ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ እርስዎም ሆኑ ወንድምዎ በሕፃንነታችሁ አላገኛችሁትም፤ ቫይረሱ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ይሻገራል። እናታችሁ በሕይወት ካሉ እሳቸው፣ እርስዎ፣ ሌሎች ወንድሞችና እህቶች፣ የወንድምዎ ባለቤትና ልጆቻቸው በሙሉ በዚህ ሳምንት ይመርመሩ። ነጻ የሆነ ይከተብ። የተገኘበት ሰው ደግሞ ኤኤስቲውንና ፕላትሌቱን ይዞ ከላይ ያለውን ስሌት ይሥራ፤ ውጤቱ ከ0.5 ካለፈም ወረቀቱን ይዞ ወንድምዎን ወደሚያክሙት ሐኪም ይሂድ።